በአንደኛው እምቢታ የቀረ ካፖርት

ሆሴዕን ሞስኮብ አገር ብርድ ሊገድለው የደረሰው ካፖርት ጠፍቶ አይደለም። ካፖርት ነበር። እጁ ድረስ አምጥተው ሰጥተውታል። እምቢ ብሎ ነው። የጅማው ቦሳ አዲስ ሰፈር ሰው ይህን ሲሰማ «ምን ዓይነት ጅል ነው!» ይላል። ጅል አልነበረም፤ በደንብ ያደገ ልጅ ነበር። ለመሞት አንዳንዴ ይኼም ይበቃል።

ያሳደገችው እናቱ ብርሃንነሽ ናት። ከከምባታ ባሏን ተከትላ ጅማ መጣች፤ ባሏ ሲሞትባት እዚሁ ቀረች፤ ቡና መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው እየለቀመች አንድ ልጇን ለወግ ለማዕረግ አበቃች። ደርግ ጸሎት ቤታቸውን ከዘጋው ወዲህ መዝሙሩን እንኳ በጉሮሮዋ ነበር የምትዘምረው። ልጅ አስተዳደግ ላይ ሲሆን ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አታውቅም።

«ሰው ቤት ገብተህ ‹ብላ› ስትባል፣» ትለዋለች፣ «መጀመሪያ ‹በልቻለሁ› ትላለህ። ሁለተኛ ሲሉህ ‹ኧረ ይቅር፣ አትቸገሩ› ትላለህ። ሦስተኛ ‹በሞቴ› ብለው እጅህን ሲይዙህ፣ ያኔ ትቀመጣለህ።»

«ቢርበኝስ?»

«ቢርብህም።»

«ሦስተኛውን ባይሉኝስ?»

«ቤታቸው የለማ! ሰው እኮ ቤቱ ባዶ ሆኖም ‹ብላ› ይላል። እንግዳን ዝም ብሎ መሸኘት ነውር ነው። አንተ በመጀመሪያው ጥሪ ዘጭ ብለህ ከተቀመጥክ ያን ሰው አዋረድከው ማለት ነው። ገባህ?»

ገባው። ትምህርቱን የተለማመደው ደግሞ በአጥር የሚዋሰኗቸው እማማ ለጢፋ ቤት ነው። እማማ ለጢፋ ሐሙስ ገበያ ኮረሪማና ዝንጅብል የሚሸጡ፣ ልጃቸውን ሸኩርን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። ሆሴዕ በሩ ላይ ሲታይ «ኮቱ፣ ና ብላ!» ይላሉ። «በልቻለሁ» ይላል። «ማሎ፣ እባክህ ብላ!» ይላሉ። «ኧረ ይቅር» ይላል። ከዚያ በኋላ ንግግር የለም፤ ክንዱን ይዘው ጎትተው ከሸኩር ጎን ያስቀምጡታል። ሥጋ የተሠራ ቀን እሱ የክርስቲያን ልጅ ነውና ሽሮ ለብቻው ይቀርብለታል። ሽሮው ከየት እንደሚመጣ ጠይቆ አያውቅም።

አድጎ ሸቤ አካባቢ አንድ ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ተቀጠረ። ማሽኑ በየሳምንቱ ይሞታል፣ ሆሴዕ በየሳምንቱ ያስነሳዋል። በ1973 ዓ.ም. «የእርሻ መሣሪያ ጥገና የሚማር ሰው ይላክ» የሚል ትእዛዝ ከላይ ሲመጣ፣ አለቆቹ ፈልገው አላጡትም። ሶቪየት ኅብረት፣ ቮሮኔዥ የሚባል ከተማ።

የሄደ ዕለት ሸኩር ሻንጣውን ተሸክሞ እስከ አውቶቡስ ሸኘው። እማማ ለጢፋ በቅቤ የታሸ ጭኮ በቆርቆሮ አድርገው አመጡለት። ሁለት ጊዜ እምቢ አለ፤ በሦስተኛው ጀርባውን ደለቁትና ቆርቆሮውን ሻንጣው ውስጥ ወተፉት። እናቱ አላለቀሰችም። ሌላዋ እናት «ሃይማኖትህን ጠብቅ፣ በርትተህ ተማር» ትላለች፤ ብርሃንነሽ ግን አንገቱን ሳብ አድርጋ፣

«ሃይማኖትህን ጌታ ያውቃል፤ ትምህርቱንም አንተ ታውቃለህ» አለችው። «ስድ ሆነህ እንዳትመለስብኝ። እሱን ብቻ።»

«እሺ እማዬ።»

ቮሮኔዥ በደረሰ በሳምንቱ፣ ከሞቃት አገር የመጡትን ተማሪዎች ሰብስበው የመኝታ ቤቱ ምድር ቤት አወረዷቸው። ግምጃ ቤት ነው። አንዲት ወፍራም፣ ፊቷ የማይነበብ ሴት ከበስተኋላዋ ካፖርት ደርድራ ቆማለች። የሆሴዕ ተራ ሲደርስ አንዱን አወረደችና ዘረጋችለት። ገበሩ ወፍራም፣ አንገትጌው ጠጉራም፣ እሱን ለክተው የሰፉት የሚመስል።

ሆሴዕ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ጎንበስ አለ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ በአማርኛ «ኧረ ይቅር፣ አይቸገሩ» አለ። ቋንቋውን ባትሰማም ሁኔታው ግልጽ ነበር።

ለእሷም ግልጽ ሆነላት። ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ካፖርቱን መልሳ ሰቀለችና ቀጣዩን ጠራች። ቀጣዩ የመናዊ ነበር። ያንኑ ካፖርት በሁለት እጁ ለቅሞ፣ እዚያው ለብሶ፣ ቁልፉን እስከ ላይ ቆልፎ ሄደ።

«ወይ ጉድ» አለ ሆሴዕ በልቡ። «ይሄ ምስኪን እናት የለውም።»

እሱ ጥግ ይዞ ሁለተኛውን ጥሪ መጠበቅ ጀመረ። ኩባዎቹ ወሰዱ። የላኦሶቹ ወሰዱ፤ መኝታ ክፍል የሚጋራው የላኦስ ልጅ ካፖርቱ መሬት ለመሬት እየተጎተተበት ደስ ብሎት ወጣ። ሰው አለቀ። ሴትዮዋ ቁልፏን አነሳች፣ መብራቱን አጠፋች። ሆሴዕ ጨለማው ውስጥ ቆሞ «መቼም ነገ ትጠራኛለች» አለ።

አልጠራችውም። ለምን ትጠራዋለች? አይፈልግም፤ ራሱ ነግሯታል።

ጥቅምት አለቀና ብርዱ መጣ። የጅማ ሰው ብርድ የሚለው የሐምሌን ካፊያ ነው። ይህ ሌላ ነው፤ አፍንጫ የሚቆረጥ የሚመስልበት፣ ምራቅ መሬት ሳይደርስ የሚጠጥር። ሆሴዕ ያለችው ከገበያ የተገዛች ካኪ ጃኬት ብቻ ናት። ትምህርት ቤቱና መኝታ ቤቱ ደግሞ ተራርቀዋል። በአንድ ትንፋሽ የሚሮጥ መንገድ አይደለምና መሐል ላይ ካልሞቀ አይደርስም። በመንገዱ ላይ ያሉት ሱቆች ሦስት ናቸው፤ የልብስ ቁልፍ መሸጫ፣ መድኃኒት ቤት፣ ዓሣ ቤት። ሦስቱም ውስጣቸው ይሞቃል።

ገብቶ መሞቅ ቀላል ነበር። ችግሩ መውጣቱ ላይ ነው። ሰው ሱቅ ገብቶ፣ እሳቱን ሞቆ፣ ባዶ እጁን ውልቅ ይላል እንዴ? ጨዋ ልጅ እንደዚያ አያደርግም። ስለዚህ በገባበት ሁሉ፣ ስሙን ባያውቀውም፣ በጣቱ የደረሰበትን ጠቁሞ አንድ ነገር ይገዛል። ቁልፍ ቤቱ ቁልፍ ይገዛል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ የነሐስ፣ የሴት ቀሚስ ቁልፍ። ሻጯ ልብስ ሰፊ ነው ብላ ሳታከብረው አልቀረችም። ዓሣ ቤቱ የደረቀ ዓሣ ይገዛል። መድኃኒት ቤቱ ደግሞ ብጫ ዱቄት የተቀባ ወረቀት ሰጡት። ደረት ላይ የሚለጠፍ የጉንፋን መድኃኒት ነው። ይህን የነገረው የለም፤ ቢነግሩትም አይሰማም። ወረቀቱን አሸተተው። ሰናፍጭ ነው!

«ተመስገን፣ ጌታ ሆይ» አለ። መኝታ ቤቱ ገብቶ ወረቀቱን በሞቀ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ሰናፍጩን አራግፎ፣ ዓሣውን እያጠቀሰ በላው። ከአገሩ ከወጣ አፉን ያቃጠለው የመጀመሪያ ምግብ ነበር። የላኦሱ ልጅ ሲያየው ቆየና እሱም ቀመሰ። በማግስቱ መድኃኒት ቤት አብሮት ሄደ።

ለሳል ግን እንዲያ የተበላ መድኃኒት አልረዳውም። ኅዳር ላይ ደረቱ መፎጨት ጀመረ። ካፖርቱን ካላገኘ እንደማይከርም ገባው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ሆሴዕን የቸገረው ቋንቋው ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ኅዳር ላይ ቃሉን ያውቀዋል። ፓልቶ። ፓልቶ ማለት ካፖርት ነው፤ ከዚህ የሚቀል ቃል ከየት ይመጣል? «ስጪኝ» ማለትንም ተምሯል። ሁለቱን ማገጣጠም ብቻ ነበር የቀረው። ነገር ግን የብርሃንነሽ ልጅ አፍ አውጥቶ «ስጪኝ» አይልም። ቢሞት አይልም፤ ሊሞትም ነበር።

ስለዚህ በአገሩ ደንብ ደጅ ጠና። ግምጃ ቤቱ በር ላይ ሄዶ ሴትዮዋን ሰላም አላት። ጤናዋን ጠየቃት። ልጆቿ ደህና መሆናቸውን ጠየቃት፤ ይህችን አንዲት ጥያቄ ለማጥናት ስንት ምሽት ፈጅቶበታል። ሴትዮዋ ልጆቿ ደህና መሆናቸውን በጥርጣሬ ነገረችውና «ምን ፈልገህ ነው?» አለችው።

«ምንም» አለ ሆሴዕ።

እየተንቀጠቀጠ ነበር። ካኪዋን ጃኬት አይታ ራሷ እንድትረዳው ነው የጠበቀው። እማማ ለጢፋ ቢሆኑ ገና ከአጥሩ ማዶ ሳለ ያውቁለት ነበር። ሴትዮዋ በሩን ዘጋች። በሌላ ቀን ተመልሶ ሄደና ስለ ባሏ ጠየቃት። ከዚያ በኋላ እሱ ኮሪደሩ ላይ ሲታይ ከውስጥ ትቀረቅር ጀመር። ቤተሰቧን እየመላለሰ የሚጠይቅ፣ ምንም የማይፈልግ ሰው! ሰላይ መስሏት ይሆናል፤ እኔም ብሆን እቀረቅር ነበር።

የትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ ደግሞ እማማ ክላቫ ነበሩ። ስማቸው ክላቭዲያ ነው፤ እማማ ያላቸው ሆሴዕ ነው። እዚያ አገር ካፖርት ለብሶ ክፍል መግባት ክልክል ነውና፣ የተማሪውን ሁሉ ካፖርት ተቀብለው፣ ሰቅለው፣ ቁጥር የተጻፈባት ምልክት የሚሰጡ አሮጊት ናቸው። ጠዋት ጠዋት የሆሴዕን ካኪ ጃኬት በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ከእነዚያ ሁሉ ካፖርቶች መሐል በክብር ሰቅለው፣ እንደማንኛውም ሰው ምልክቱን ይሰጡታል። አይስቁም። ግን ይናገራሉ። አንድም ቃል ሳይገባው እስኪጨርሱ ቆሞ ያዳምጣል፤ ትልቅ ሰው ሲናገር ጥሎ አይኬድም። ተራ የሚጠብቁት ተማሪዎች ከኋላው ያጉረመርማሉ።

አንድ ጠዋት መስኮቱ ሁሉ በረዶ ለብሶ ሳለ፣ ሆሴዕ እያሳለ ገባ። ጃኬቱን ሊያወልቅ ጣቱ አልታዘዝ አለው። እማማ ክላቫ ምንም ሳይናገሩ ወደ ኋላ ዞሩና ከጓዳቸው ካፖርት ይዘው መጡ። አሮጌ ነው። ጥቁር ግራጫ፣ ከባድ፣ የብል መድኃኒት የሚሸት። አንድም ቁልፍ የለውም። ዘረጉለት።

እጁ ራሱ ደረቱ ላይ ሄደ። እግሩ ራሱ ወደ ኋላ ሸሸ። «ኧረ ይቅር፣ አይቸገሩ» አለ፤ እያለውም «አሁንስ አለቀልኝ» ብሎ አሰበ። የግምጃ ቤቷ ሴት ትከሻ ታየው።

እማማ ክላቫ አልሰቀሉትም። ጮኹበት። ሆሴዕ ግራ ገብቶት «በልቻለሁ» አለ። አሮጊቷ መደርደሪያውን ዞረው ወጡ፤ የእጁን አንጓ ጨመደዱ፤ ክንዱን እጅጌው ውስጥ ወተፉት፤ ሌላውንም ወተፉት፤ ጀርባውን አንድ ጊዜ ድም አደረጉና አንድ ነገር ተናገሩ። ቃሉን አላወቀውም። ግን በሞቴ ነው ያሉት። ማሎ ነው ያሉት። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ሆሴዕ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀሰ። ካፖርት ስላገኘ አይደለም። ከጅማ ከወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ለምኖት ነው። የማታ ማታ እነዚያን ቁልፎች አውጥቶ አንድ በአንድ ሰፋቸው፤ ከላይ የነሐስ፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከሥሩ የሴት ቀሚስ። እማማ ክላቫ በማግስቱ ቁልፎቹን አይተው ለረጅም ጊዜ ሳቁ። ካፖርቱ ጦርነት ሄዶ ያልተመለሰው ባላቸው ልብስ መሆኑን የተረዳው ቋንቋው ከገባው በኋላ ነው።

ሰው ከብርድ ይማራል። ሆሴዕም ተማረ፤ እዚያ አገር እማማ ክላቫ አንድ ናቸው፤ የቀረው ሕዝብ የሚጠራው አንድ ጊዜ ነው። ሾርባ ትፈልጋለህ? ዳ። ትኬት? ዳ። ሻይ? ዳ፣ በስኳር። መጀመሪያ ሰሞን «ዳ» ባለ ቁጥር የእናቱ ዓይን ጀርባውን ይበላው ነበር። ከዚያ መብላቱን ተወው። ስድስት ዓመት ብዙ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ ካፖርቱን በክንዱ ይዞ ጅማ ገባ። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ብርሃንነሽ አርጅታለች፤ ፊቱን ይዛ አገላብጣ አየችው። እናት ልጇን ለምና አታበላም፣ ዝም ብላ ታጎርሳለችና ፈተናው እዚያ ቤት አልመጣም። እንደነገረችው፣ ሸኩርን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውታል። ወደ ሰሜን ነው፤ ከሄደ ወዲህ ወሬው የለም።

«ለጢፋን ሂድና ጠይቃት» አለችው። «ብቻዋን ናት።»

ሄደ። እማማ ለጢፋ ሲያዩት ጮኹ። «ሆሴ! የኔ ሞስኮብ! አልሐምዱሊላህ!» አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ፤ ቀሚሳቸው በዝናቡ ርሷል፤ ክብደት የላቸውም። ስለ ሸኩር ጥቂት አወሩ። ከዚያ እማማ ለጢፋ እንደ ወጉ፣

«ምሳ ብላ እንጂ፣ ልጄ» አሉ።

«እሺ» አለ ሆሴዕ። ተቀመጠም።

እማማ ለጢፋ የሚሉት ነገር አፋቸው ላይ ቀርቶ ትንሽ ቆሙ። «ጥሩ» አሉ። «ጋሪ ነው፣ ጥሩ ነው።» በጓሮ በር ወጡ። ሆሴዕ እግሩን ዘርግቶ ዝናቡን ሲያዳምጥ፣ ከአጥሩ በኩል ድምፃቸውን ሰማ። ዝቅ ባለ ድምፅ በኦሮምኛ ጎረቤት ይለምናሉ፤ «ቢዴና ቶኮ… አንድ እንጀራ ካለሽ። እንግዳ መጥቶብኝ ነው። ሽሮም ካለሽ፣ ጭልፋ ታህል።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ሆሴዕ ጆሮው ድረስ ጋለ። ተነስቶ ይሂድ? የተለመነውን እንጀራ ጥሎ መሄድ ከመቀመጡ የባሰ ነው። ቆየ። እማማ ለጢፋ እየሳቁ ገቡ፣ አቀረቡለት፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«እርስዎስ?»

«በልቻለሁ» አሉ።

እሱም አቀርቅሮ በላ። በሐፍረት ቶሎ ቶሎ በላ። «በልቻለሁ» ምን ማለት እንደሆነ ትዝ ያለው የመጨረሻውን ጉርሻ ከዋጠ በኋላ ነው።

ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ነገራት። «ያንን ብቻ ነበር የለመንኩህ» አለችው። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት ካፖርቱን አነሳ። ሐሙስ ነው፤ እማማ ለጢፋ በዚያ ዝናብ፣ በዚያች ቀሚስ፣ ኮረሪማቸውን ይዘው ገበያ ሊወጡ ነው። ሌላ የሚሰጠው ነገር የለውም፤ ቢኖረውም የሚመጥነው ይሄ ብቻ ነው።

በሩ ላይ ደረሰባቸው። ካፖርቱን ዘረጋላቸው።

እማማ ለጢፋ ካፖርቱን አዩት። የነሐሱን ቁልፍ፣ ቀዩን ቁልፍ፣ የቀሚሱን ቁልፍ አዩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አይ ልጄ፣ ይቅር፣ ለራስህ ልበሰው» አሉ። «እኔ ምን ያደርግልኛል?»

«እሺ» አለ ሆሴዕ።

አጥፎ ክንዱ ላይ አደረገው። ሰላም ውለው እንዲገቡ ተመኘላቸው። ወጣ። ግቢውን አቋርጦ፣ አጥሩ ጋ ደርሶ፣ የእንጨቱን መዝጊያ ከፍቶ አንድ እግሩን አሳለፈ። የዚህን ጊዜ ካፖርቱ ክንዱ ላይ ከበደው። ያቺ የግምጃ ቤት ሴት ትከሻዋን ነቅንቃ መልሳ ስትሰቅለው ታየችው።

«ኧረ ጌታ ሆይ!» ብሎ በጭቃው እየተንሸራተተ ሮጦ ተመለሰ።

እማማ ለጢፋ ትቷቸው ከሄደበት ንቅንቅ አላሉም። ኮረሪማቸውን መሬት አስቀምጠዋል። ሆሴዕ የእጃቸውን አንጓ ያዘና ክንዳቸውን እጅጌው ውስጥ ወተፈው። «ማሎ!» አለ። «በሞቴ! በሸኩር ሞት!»

«ምን አስቆየህ?» አሉት።

ከዚያም «ይቅር አልኩህ እኮ፣ አንተ ልጅ!» እያሉ፣ ሁለተኛውን ክንዳቸውን ራሳቸው እጅጌው ውስጥ ሰደዱት።